ስለሚታጠፈው ሚሞሪ ካርድ

ወደ ጮቄ ተራራና ወደ ጢስ ዓባይ ሲጓዙ የካሜራዎን ፎቶዎች ያለ ገመድ ለመገልበጥ፣ ራሱ የዩኤስቢ መሰኪያ ያለው ሚሞሪ ካርድ ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ዛሬ ፈልጎ መግዛቱ ግን የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ሳንዲስክ እ.ኤ.አ. በ2005 ያስተዋወቀው ይህ ዓይነቱ ኤስዲ ካርድ ከወገቡ ሲታጠፍ የተደበቀው መሰኪያ ብቅ ስለሚል እንደ ፍላሽ በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ይሰካ ነበር፤ እንደ እኔ ካርድ ሪደር (ካርዱን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘውን ማንበቢያ) ቤቱ ረስቶ ለሚወጣ ሰው በእርግጥ የተመቸ ነው። ሆኖም የኤስዲ ካርድ ውፍረት 2.1 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ በዚያ ስስ አካል ላይ የተሠራ ማጠፊያ በአቧራማ መንገድ ብዙ ይታገሣል ብዬ አላምንም።

በእሱ ፈንታ መደበኛ ካርድና በአንድ ጎኑ ታይፕ ሲ፣ በሌላው የተለመደው ዩኤስቢ ያለው ትንሽ ሪደር ይያዙ፤ ስልክዎ ኦቲጂ (እንደ ሪደር ያለ የዩኤስቢ ዕቃ በቀጥታ ስልክ ላይ ለመሰካት የሚያስችል አሠራር) የሚቀበል ከሆነ ጢስ ዓባይ አጠገብ ተቀምጠው ያለ ኮምፒውተር መገልበጥ ይችላሉ። ካሜራዎ አሮጌ ከሆነ ግን ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ ካርድ ላያነብ ስለሚችል አስቀድመው ይሞክሩት።

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ በሚገኝ ፎቶ ቤት ኮምፒውተር ላይ ከመሰካትዎ በፊት በካርዱ ጎን ያለችውን መቆለፊያ ወደ ታች ይግፏት፤ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ እንዳይጻፍበት ትከላከላለች። የተገለበጡትን ፎቶዎች ከፍተው ሳያዩ ደግሞ ከካርዱ ላይ ምንም አያጥፉ።