አምስተኛውን ቲኒዳዞል ከመግዛትሽ በፊት

ጥያቄ፦ 29 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሦስቴ ሽንት ቤት ሳልሮጥ ከቤት አልወጣም፤ እንዲህ ከሆንኩ ዓመት አልፎኛል። ሰገራዬ ልልና ውሃማ ነው፣ ሆዴን ግን እምብዛም አያመኝም። «አሜባ ነው» እየተባልኩ ቲኒዳዞል አራት ጊዜ ወሰድኩ። ለሳምንት ይሻለኛል፣ ከዚያ ያው ነው። ታክሲ ውስጥ ሆኜ መንገድ ሲዘጋማ ላብ ያጠምቀኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አምስተኛውን አትግዢ። አሜባና ጃርዲያ እኛ ጋ እውነትም አሉ፤ ግን ዓመት የቆየ ተቅማጥ ሁሉ የእነሱ ሥራ አይደለም። (አሜባ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ቁርጥ እሱን የሚመስል፣ ግን ማንንም የማያሳምም ዘመድ አለው።) ሳምንት መሻሉም አያታልልሽ፣ እንዲህ ዓይነቱ ተቅማጥ በራሱም ይሄዳል ይመጣል።

የጻፍሽው ሐኪሞች ፈንክሽናል ተቅማጥ የሚሉትን ይመስላል። አንጀቱ ቁስል የለውም፣ ሥራው ነው የፈጠነው። ከጀመረ 6 ወር ሲያልፈው፣ ባለፉት 3 ወራት ከአራት ሰገራ ከአንዱ በላይ ልል ወይም ውሃማ ሲሆን፣ ሕመምና መነፋት ደግሞ ዋናው ችግር ሳይሆኑ ሲቀሩ ነው ይህ ስም የሚሰጠው። እሱም ሌላው ከተጣራ በኋላ ነው፦ ሰገራ፣ ደም ማነስ፣ ታይሮይድ፣ ኤችአይቪ፣ የስንዴና የገብስ አለመስማማት። ደም ካየሽ፣ ከከሳሽ፣ ካተኮሰሽ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍሽ የሚቀሰቅስሽ ከሆነ ግን ይህን ጽሑፍ ተዪውና ዛሬውኑ ታዪ።

ጠዋት ላይ የሚብሰው ለምንድነው? ጨጓራ ምግብ ሲገባበት ትልቁ አንጀት «ቦታ ልቀቅ» የተባለ ያህል ይንቀሳቀሳል፤ ቡና ይጨምርበታል፣ የታክሲው ጭንቀት ደግሞ ይጨምርበታል። አቦሉን ለሁለት ሳምንት ከሥራ በፊት አትጠጪ። ስኳር የለውም የሚባለውን ማስቲካም ተዪው፣ ጣፋጩ ራሱ ያስቀምጣል። ጾመኛ ከሆንሽ ደግሞ ሌላው የሌለው ፍንጭ አለሽ፦ ሁዳዴን 55 ቀን ወተት ሳትቀምሺ ሆድሽ ረግቶ ከነበረ ወተቱን ጠርጥሪ፤ በጾሙ ከባሰብሽ ሽሮውንና ባቄላውን። ሁሉንም ባንዴ አትተዪ፣ የትኛው እንደሆነ ይጠፋሻል።

ሎፔራማይድ የሚባል አንጀትን የሚያዘገይ መድኃኒት አለ፤ ረጅም መንገድ ወይም ስብሰባ ላለበት ቀን ይጠቅማል። መጠኑን ፋርማሲስቱን ጠይቂ፣ ትኩሳት ወይም ደም ካለ ግን አትንኪው። በዚህም አልቆም ካለሽ የሐሞት ፈሳሽ ወደ ትልቁ አንጀት እየተረፈ ሊሆን ይችላልና ለእሱም መድኃኒት አለው። ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ ቲኒዳዞሉን ስንቴ እንደወሰድሽ ሳታፍሪ ንገሪው።