ያገለገለ አውቶማቲክ ሰዓት ልትገዙ ነው? ጠይቁ

ስለ ውድ የወንድ ሰዓት የገባኝን እመልሳለሁ። ሞዴሉን ሳትጠቅሱ ግን «ይሄ ጥሩ ነው?» አትበሉኝ።

ጥያቄ፦ ሰከንዱ ሳይቆራረጥ ከሄደ ኦርጅናል ነው?

መልስ፦ አይደለም። አብዛኛው ዘመናዊ ማሽን በሰከንድ 8 ጊዜ ስለሚመታ ሰከንዱ የሚፈስ ይመስላል። ፌኩም እንደዚያው። ጀርባው ተከፍቶ ሰዓት ሠሪ ይየው።

ጥያቄ፦ ሻጩ «ፖሊሽ ተደርጎ አዲስ ሆኗል» ይላል። ዋጋ ይጨምራል?

መልስ፦ ኧረ ይቀንሳል! ፖሊሽ ማለት ብረት መፋቅ ነው። ጭረቱ የጠፋው ዙሪያው ያለው ብረት ስለተነሳ ነው። ማሰሪያውን የሚይዙትን አራት ጫፎች ከላይ ሆናችሁ እዩ። ግራና ቀኙ እኩል ይወፍራል? ጠርዙ ጥርት ብሏል ወይስ እንዳለቀ ሳሙና ድቡልቡል ብሏል? የሚያብረቀርቀውና ደብዛዛው ብረት የሚገናኙበት መስመርም ቀጥ ማለት አለበት። ሳብማሪነር በሚባሉት የድሮ ሮሌክስ ሞዴሎች የማሰሪያው ቀዳዳ በውጭ በኩል ይታያል። አፉ ከሰፋ ወይም ወደ ጠርዙ ከተጠጋ ብዙ ተፍቋል። ጭረት ያለበትን ግዙ፣ የተፋቀውን ተዉት።

አንድ አባል፦ ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ የተጫረ ላድርግ?

ሌላ አባል፦ አዲስ ግዛ ታዲያ! ማን ከለከለህ?

የመጀመሪያው፦ አምራቾቹ ራሳቸው ሰርቪስ ላይ ፖሊሽ ያደርጉ የለም እንዴ?

መልስ፦ ያደርጋሉ። ለዚህ ነው ሰዓቱን ስታስረክቡ «ፖሊሽ እንዳይነካው» ብላችሁ በጽሑፍ የምታስይዙት። ጭቅጭቁ ይብቃ።

ጥያቄ፦ በቀን ስንት ሰከንድ ቢዛነፍ ልፍራ?

መልስ፦ የስዊስ ክሮኖሜትር ፈተና (ሰዓት በትክክል መቁጠሩ የሚለካበት) በአማካይ በቀን ከ4 ሰከንድ መዘግየት እስከ 6 ሰከንድ መቅደም ይፈቅዳል። ያገለገለ ትንሽ ቢያልፍ አያስደነግጥም። ይልቅ አምፕሊትዩዱን፣ ማለትም ውስጡ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ጎማ መሰል ክብ ምን ያህል እንደሚዞር፣ ሰዓት ሠሪ ጋ አስለኩ። ሙሉ ተሞልቶ 200 ዲግሪ ካልደረሰ ሰርቪስ ይፈልጋል። ወጪውን ከዋጋው አስቀንሱ።

ጥያቄ፦ ጀርባው ላይ 100 ሜትር ይላል። ልዋኝበት?

መልስ፦ ውስጡ ያለው ውሃ የሚያግደው ጎማ ካረጀ ጽሑፉ አያድንህም። መጀመሪያ አስፈትሽ።

ጥያቄ፦ ሣጥንና ወረቀት አለው። በቃ?

መልስ፦ ወረቀትም ፌክ አለው። ቁጥሩን ከሰዓቱ ጋር አመሳክር።

ጥያቄ፦ ኢንቨስትመንት ይሆነኛል?

መልስ፦ የሰዓት ጥያቄ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ አንድ ኦሜጋ አገኘሁ፣ ጥሩ ነው?

መልስ፦ የቱ ኦሜጋ? ከላይ ምን አልኩ?

ጥያቄ፦ በጣም የሚያብረቀርቅ አገኘሁ፣ ዋጋውም ቅናሽ ነው። ልግዛው?

መልስ፦ ማብረቅረቁ ነው የሚያስፈራኝ። የአራቱን ጫፎች ፎቶ ላክ። ከላይም ከጎንም፣ ያለ ፍላሽ።