“ልወፍር ወይስ ልክሳ?”

ሲስተርን ይጠይቁ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ዕድሜዬ 31 ነው። ልጅ መሞከር ከጀመርን ዓመት ከመንፈቅ አለፈን። ሥራዬ ልብስ ስፌት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ እውላለሁ። ሳገባ 61 ኪሎ ነበርኩ፣ አሁን 79 ገብቻለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ58 ነው። የወር አበባዬ አንዳንዴ በሁለት ወር፣ አንዳንዴ በሦስት ወር ነው የሚመጣው። አገጬ ላይም ፀጉር እያበቀልኩ ነው። አማቴ “ማህፀንሽን ብርድ መትቶት ነው” ብለው ጠዋት ገንፎ በቅቤ፣ ማታ ተልባ በማር ይሰጡኛል። ጓደኛዬ ደግሞ “በቀን አንዴ ብቻ ብይ” ትለኛለች። ልወፍር ወይስ ልክሳ? ሁዳዴንስ ልፁም ወይስ ልተው? ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ መተማ ይመላለሳል። እሱ “እኔ ጤነኛ ነኝ” ብሎ መመርመር እምቢ ብሏል።

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። እዚሁ ጎንደር አዋላጅ ነርስ ሆኜ ስሠራ ይህን ጥያቄ ከብዙ ሴቶች ሰምቼዋለሁ። አብዛኞቹ እንዳንቺ በሁለት ምክር መሀል የተወጠሩ ናቸው። አማትሽም ጓደኛሽም አስበውልሽ ነው። ግን የሁለቱንም ምክር አትከተዪ።

መጀመሪያ ክብደትሽን ከቁመትሽ ጋር እናስተያየው። ኪሎሽን በሜትር ለተለካው ቁመትሽ፣ እንደገና ለቁመትሽ ስናካፍለው 31.6 ይመጣል። ጤናማ የሚባለው ከ18.5 እስከ 25 ያለው ነው። ከ30 በላይ ሲሆን ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። ይህን የምልሽ ላሳፍርሽ አይደለም። አገራችን ውስጥ “ወፈርሽ” ማለት “ተመቸሽ” ማለት ስለሆነ፣ ክብደት ከወር አበባ ጋር ምን እንደሚያገናኘው የሚነግረን ሰው ጥቂት ነው።

የሚያገናኘው እንዲህ ነው። ስብ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ኤስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን ያመርታል። ክብደት ሲበዛ ደግሞ ሰውነት የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ለኢንሱሊን፣ በደንብ መታዘዝ ያቆማል፣ ስለዚህ ኢንሱሊኑ በደም ውስጥ ይበዛል። የበዛው ኢንሱሊን ኦቫሪን (እንቁላል የሚያፈራውን ክፍል) የወንድ ሆርሞን ከልክ በላይ እንዲያመርት ይገፋፋዋል። የዚህን ጊዜ እንቁላሉ ማደግ ይጀምርና መንገድ ላይ ይቀራል፣ አይለቀቅም። እንቁላል ካልተለቀቀ እርግዝና የለም። የወር አበባሽ የሚዘገየውም፣ አገጭሽ ላይ ፀጉር የሚወጣውም በዚሁ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ፒሲኦኤስ የሚሉት ችግር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚታየው። በደብዳቤ አይቼ ነው ማለት ግን አልችልም። አልትራሳውንድ፣ የስኳር፣ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) እና የፕሮላክቲን (ጡት ወተት እንዲያመርት የሚያደርግ ሆርሞን) ምርመራ ያስፈልግሻል።

ማህፀንሽን ብርድ አልመታውም። ለአማትሽ በፍቅር ንገሪያቸው፤ “እማማ፣ ገንፎውን ለአራስነቴ ያቆዩልኝ” በያቸው። ገንፎ ደግ ምግብ ነው፣ ለአራስ ደግሞ ማን እንደ እሱ! ግን መሀሉ ላይ የሚፈሰውን ቅቤ ልብ ብለሽ እዪው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻ መቶ ካሎሪ ገደማ አለው፤ ገንፎ ላይ ደግሞ ማን በአንድ ማንኪያ ያቆማል? ማታ በማር የሚመጣው ተልባም እንደዚያው ነው። ተልባው ጥሩ ነው፣ ማሩን ቀንሺው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ፦ ክሺ፤ ግን ትንሽ፣ ቀስ ብለሽ። ወደ 61 መመለስ አይጠበቅብሽም። እንዳንቺ ባለ ሁኔታ ካለሽ ክብደት ከመቶ አምስት እስከ አሥር እጅ መቀነስ ብቻ የብዙ ሴቶችን የወር አበባ ወደ ሥርዓቱ ይመልሳል። ለአንቺ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ብትቀንሺ የመጀመሪያው አራት ኪሎ በሁለት ወር ይወርዳል። የጓደኛሽን “በቀን አንዴ” ተዪው። ተርበሽ ውለሽ ማታ ላይ የምትበዪውን አንቺም አትቆጣጠሪውም። ማክሲያ ሻይና ኪኒንም አደራ፣ አትንኪ።

እንጀራሽን ከምሳም ከእራትም ላይ ሲሶውን አንሺና ቦታውን በወጥ ሙዪው። ዘይት ከጠርሙሱ አታፍስሺ፣ በማንኪያ ለክተሽ ጨምሪ። ሽሮ፣ ምስር፣ የደምቢያ ሽንብራ፣ ጎመን፣ በፍስክ ደግሞ እንቁላል ወይም ከጣና የሚመጣ ዓሣ፤ እነዚህ ያጠግባሉ፣ ቶሎም አያስርቡም። ጎመኑና ምስሩ ላይ ሎሚ ጭመቂበት ወይም ቃሪያና ቲማቲም አድርጊበት፣ አይረኑ ሰውነትሽ ውስጥ እንዲገባ ይረዳል። ቡናው ከምግብ ጋር ተያይዞ ሲጠጣ አይረኑን ያግደዋል፤ አንድ ሰዓት ያህል አቆይተሽ ጠጪ። ስታረግዢም አቦል ቶና በረካ ሳትይ በአንድ ወይ በሁለት ሲኒ አብቂ። ስኳሯንም ከሲኒው ቀንሺ።

ከስፌት መኪናው ደግሞ ተነሺ። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። የጎንደር ዳገት ለዚህ የተመቸ ነው። ሚኒባሱን ትንሽ ቀደም ብለሽ ውረጂና ቀሪውን በእግርሽ ጨርሺው።

ስለ ፆሙ። ፆም መሀን አያደርግም፣ በዚህ አትጨነቂ። ነገር ግን ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ በዳቦ፣ በፓስታ፣ በሳምቡሳና በስኳር የሚያልፍ ከሆነ በፆም ክብደት ትጨምሪያለሽ። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ጥራጥሬና አትክልት ይብዛበት። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከዓሣ ስለሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ አጥብቀሽ የምትፆሚ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪው። ሕክምና ስትጀምሪ ወይም ስታረግዢ ደግሞ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካከሪ። ይህ የእነሱ ሥራ ነው፣ እኔ አልገባበትም።

አሁን አንድ ነገር ሳትውዪ ሳታድሪ ጀምሪ፦ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን፣ በቀን 400 ማይክሮ ግራም። የሕፃኑ አከርካሪና የአንጎሉ መሠረት የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። የወር አበባዋ በሦስት ወር ለሚመጣ ሴት እርግዝናዋ የሚታወቃት ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። እየታቀፍኩ ያዋለድኳቸው፣ ጀርባቸው ክፍት ሆኖ የተወለዱ ሕፃናት እናቶች ፊት ከዓይኔ አይጠፋም፤ ለዚህ ነው ፎሊክ አሲድን ሳልጠየቅም የምናገረው። የክብደት መለኪያሽ ከ30 በላይ ስለሆነ ሐኪሙ ከዚህ ከፍ ያለ መጠን ሊያዝልሽ ይችላል፣ ጠይቂው። ጨውሽም አዮዲን ያለው ይሁን፤ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪው፣ ወጡ ሲወርድ ጨምሪው። የአዮዲን እጥረት ታይሮይድን ይነካል፣ ታይሮይድ ደግሞ የወር አበባን።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። እዚህ ላይ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፈው። ልጅ በዘገየባቸው ባልና ሚስቶች ዘንድ፣ ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱም እጅ አለበት፤ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር። ጤነኛ መምሰል፣ ጉልበት መኖር፣ ግንኙነት መቻል ስለ ዘሩ የሚናገረው ነገር የለም። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ደግሞ ቀላል ነው፤ መርፌ የለው፣ ቢላ የለው። አንቺ ስንት ምርመራ አልፈሽ እሱ በአንድ ብልቃጥ ቢያፍር ተገቢ አይደለም። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ይተው፣ መጠጡን ይቀንስ፣ ቦርጭ ካለውም አብራችሁ ክሱ። ዘር ለመሠራት ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። ዛሬ ያቆመው ሲጋራ ጥቅሙ የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ነው፣ ተስፋ አይቁረጥ። ጂም ቤት የሚሸጥ የጡንቻ መርፌ ወስዶ ከሆነም ለሐኪሙ አይደብቅ፤ ዘርን ጨርሶ ሊያጠፋ ይችላል።

መተማ መመላለሱም ራሱን የቻለ ነገር ነው። የተለቀቀ እንቁላል የሚቆየው ከአንድ ቀን አይበልጥም፣ ዘር ግን እስከ አምስት ቀን ይቆያል። ያንቺ የወር አበባ ስለማይቆጠር ቀን መጠበቅ አያዋጣም። ቤት ሲኖር በሁለት በሦስት ቀን አንዴ መገናኘት ይበቃል።

ክብደት እስክቀንስ ብለሽ ምርመራውን ግን አታቆዪ። ከ35 ዓመት በታች ለሆነች ሴት ዓመት ሞክራ ካልሆነ፣ 35 ለሞላት ደግሞ ስድስት ወር ሞክራ ካልሆነ ሐኪም ማየት አለባት። አንቺ ዓመቱን አልፈሽዋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የማህፀን ሐኪሞች አሉ፤ ባልሽን ይዘሽ ሂጂ። እንቁላል የሚያስለቅቁ መድኃኒቶች አሉ፣ ብዙ ሴቶች አርግዘውባቸዋል። ሰው ስለነገረሽ ብቻ ክሎሚድ ከፋርማሲ ገዝተሽ እንዳትውጪ። በአልትራሳውንድ ክትትል የሚወሰድ ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ባለቤቴ 26 ዓመቷ ነው። ኪሎዋ 47፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ65። በየጠዋቱ ትሮጣለች፣ ቁርስ አትበላም። የወር አበባዋ ከቆመ አምስት ወር ሆነው፣ ምርመራው ግን እርግዝና የለም ይላል። እናቴ “ቅጥነት መልካም ነው” ትላለች። ልጅ እንፈልጋለን። ከማራኪ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ደግሞ ሌላው ጫፍ ነው። የባለቤትህ መለኪያ 17.3 ነው፣ ከ18.5 በታች። ሰውነት የሚገባለት ምግብ ለሚያወጣው ጉልበት ሲያንሰው፣ አንጎል ለኦቫሪ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል። ድርቅ ሲመጣ ገበሬ ዘር እንደማይዘራ ነው።

50 ኪሎ ተኩል ብትደርስ ጤናማው መስመር ውስጥ ትገባለች። ሩጫውን በሳምንት ወደ ሁለት ሦስት ቀን ታውርደው፣ ቁርስ አትዝለል። እንቁላል፣ አቮካዶ፣ ለውዝ፣ ወተት፣ በፆም ደግሞ የሱፍና የተልባ ፍትፍት ይጨመርላት። አምስት ወር የቆመ የወር አበባ ግን በምግብ ብቻ አይታለፍም። ታይሮይዷንና ፕሮላክቲኗን ትመርመር፣ ፎሊክ አሲዱንም ከዛሬ ትጀምር። መብላት የሚያስጨንቃት፣ በልታ የምታስመልስ ወይም መወፈርን አጥብቃ የምትፈራ ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሩት፤ ያ ራሱን የቻለ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። አንተም ጠዋት አብረሃት ቁጭ ብለህ ብላ።