የጣራው ፋይበር ይጠገን ወይስ ይቀየር?

በልጉ አልፎ ክረምቱ ሳይገባ ጣራ ለማየት ጥሩ ጊዜ ነው። ብርሃን እንዲያስገባ በቆርቆሮ መሃል ስለሚመታው ፋይበር ከወሎ የመጡልንን አራት ጥያቄዎች እንመልሳለን።

ዝናብ ሳይኖር ጠዋት ጠዋት ያንጠባጥባል። ተቀዶ ይሆን? (ከደሴ)

አልተቀደደም። የደሴ ሌሊት ፋይበሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የሰው ትንፋሽና የድስት እንፋሎት ሲነካው ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ሲሊከን (የቀዳዳ መድፈኛ ሙጫ) አይፈይደውም። ማታ ምግብ ሲበስል መስኮት ይክፈቱ፣ ከጣራው ጫፍ ሥርም የአየር መውጫ ይተዉ።

ፋይበሩ ቢጫ ሆኗል፣ በሚስማሩ ዙሪያም ያፈሳል። ሠራተኛው ሬንጅ ልቀባው ይላል። (ከኮምቦልቻ)

እባክዎ አያስቀቡት። ጥቁር ነገር የኮምቦልቻን ፀሐይ ይስባል፣ ብርሃኑም ይጠፋል። መጀመሪያ ላዩን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት። ጨርቁ እንደ ፀጉር በቀጭን ክር ከተያዘ ሽፋኑ በፀሐይ አልቆ በፋይበሩ ውስጥ ያለው የመስታወት ክር ወጥቷል፤ ያ ፋይበር ይቀየር። ክሩ ቆዳ ስለሚያሳክክ በባዶ እጅ አይንኩት። ላዩ ለስላሳ ከሆነና ውሃው የሚገባው በሚስማሩ ብቻ ከሆነ ግን ከሚስማሩ ራስ ሥር ያለውን ጎማ መቀየር ይበቃል።

በሚስማር ዙሪያ የሚሰነጠቀው ፋይበሩ በሙቀት ስለሚለጠጥና ቀዳዳው ስለሚጠብበት ነው። ስለዚህ አዲሱ በመዶሻ አይበሳ፤ ከሚስማሩ 3 ሚሊ ሜትር በሚሰፋ መሰርሰሪያ፣ በሞገዱ ጉብታ ላይ ይበሳ። ሚስማሩም ጎማው ትንሽ ጨመቅ እስኪል ብቻ ይመታ። ሊገዙ ሲሄዱ ቁራጭ ቆርቆሮ ይዘው ሞገዱን ያስተያዩ፤ ካልገጠመ ምንም ሲሊከን አያድነውም።

አዲስ ፋይበር ሲመታ ዋናው ስህተት የመደራረቡ ቅደም ተከተል ነው። የላይኛው ቆርቆሮ ፋይበሩን፣ ፋይበሩ ደግሞ የታችኛውን ቆርቆሮ ከላይ መሸፈን አለበት። የላይኛውን ቆርቆሮ የታች ረድፍ ሚስማር ነቅለው ፋይበሩን ከሥሩ ያስገቡ፤ ከላይና ከታች 20 ሳንቲ ሜትር፣ በጎን ሁለት ጉብታ ይደራረብ።

ሠራተኛው ፋይበሩን ፈጽሞ እንዳይረግጥ! ያረጀ ፋይበር ሰው አይሸከምም። ማገሮቹ ላይ ጠንካራ ሳንቃ አጋድሞ በዚያ ይራመድ።

በረዶ የሳንቲም ያህል በስቶታል። (ከሐይቅ)

አንድ ሁለት ቀዳዳ ከሆነና ሲጫኑት ካልተንኮሻኮሸ ይጠገናል። ከቀዳዳው ስንጥቅ ከተነሳ፣ እንዳይቀጥል የስንጥቁን ጫፍ በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይብሱት። ዙሪያውን አጥበው፣ አድርቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት ይሹት። ከዚያ በየአቅጣጫው 5 ሳንቲ ሜትር የሚያልፍ የዚያኑ ዓይነት ቁራጭ በሲሊከን ይለጥፉና አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። ብርሃን የሚያስገባው ፋይበር ሳይሆን ፖሊካርቦኔት (የመስታወት ክር የሌለበት ፕላስቲክ) ከሆነ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊከን ስለሚያሰነጥቀው ኮምጣጤ የማይሸተውን ዓይነት ይጠይቁ።

የማድ ቤቱ ፋይበር ጠቁሯል። (ከወልድያ)

ጥቁረቱ ከውስጥ በኩል ከሆነ ጥላሸት ነው። በለብታ ውሃ፣ በሳሙናና በስፖንጅ ይለቃል፤ በሽቦ ግን አይፈተግ።