«ሄልዝኬር አድሚኒስትሬሽን በክርስቲያን ኮሌጅ ብማር ያዋጣኛል ወይ?» ላልሽው እህት

ሰላም እህቴ። ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን እንክብካቤ ተቋም) ውስጥ በሲኤንኤነት (በነርስ ረዳትነት) እንደምትሠሪ፣ ግሪን ካርድ እንዳለሽ፣ እዚሁ አሜሪካ ያለ አንድ ክርስቲያን ኮሌጅ ለሄልዝኬር አድሚኒስትሬሽን (ለጤና ተቋማት አስተዳደር) ባችለር እንደተቀበለሽ ነግረሽናል። የጠየቅሽው «ክርስቲያን የሚለው ስም ዲግሪዬን ያሳንስብኛል ወይ? ሥራስ አገኝበታለሁ?» ብለሽ ነው። ስሙ አያሳንስም፣ አያሳድግምም። ቀጣሪ የሚያየው ኮሌጁ አክሬዲትድ (ዕውቅና ያለው) መሆኑን፣ ፕራክቲከም (የተግባር ልምምድ) የት እንደሠራሽና ቁጥር ማንበብ መቻልሽን ነው። ተማሪ ዘንግቶት በመጨረሻ የሚቸገርበት ፕራክቲከሙ ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም እላለሁ።

አስቀድሞ ግን አክሬዲቴሽኑን አጣሪ። የኮሌጁን ማስታወቂያ ተዪው፤ የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት ዳፒፕ የሚባል ነጻ የመረጃ ቋት አለው፤ የኮሌጁን ስም አስገብተሽ ዕውቅና ሰጪው ማን እንደሆነ እዪ። ሃየር ለርኒንግ ኮሚሽን፣ ሚድል ስቴትስ ወይም ሳክስኮክ ከሆነ ክሬዲትሽን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ለማዛወርም፣ ማስተርስ ለመቀጠልም እምብዛም አትቸገሪም። ትራክስ ወይም ኤቢኤችኢ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም የሃይማኖት ትምህርት ቤቶችን የሚመዝኑ፣ መንግሥት የሚያውቃቸው ተቋማት ናቸው፤ ሐሰተኛ አይደሉም። ችግሩ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ከእነሱ የመጣ ክሬዲት አለመቀበሉ ነው። በ2020 መንግሥት በ«ክልላዊ» (እንደ ሃየር ለርኒንግ ኮሚሽን ባሉት) እና «ብሔራዊ» (እንደ ትራክስ ባሉት) ዕውቅና መካከል የነበረውን ልዩነት አስቀርቷል፤ ሆኖም ክሬዲት መቀበል አለመቀበል አሁንም የተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ውሳኔ ነው። ስለዚህ ማስተርስ ወደምታስቢበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ዛሬውኑ ኢሜይል ጻፊና መልሱን በጽሑፍ ያዢ። የስልክ ቃል ነገ ማስረጃ አይሆንም።

ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ከእሱ ራቂ። አንዳንድ ስቴቶች የሃይማኖት ትምህርት ቤቶችን ከፈቃድ ነጻ ያደርጋሉ፤ ነጻነቱ ግን ለሃይማኖታዊ ዲግሪ ነው። ፍሎሪዳ ለምሳሌ በዲግሪው ስም ላይ ሃይማኖታዊ ቃል እንዲገባ ታስገድዳለች። ምንም ዓይነት ዕውቅና የሌለው ኮሌጅ የሆስፒታል አስተዳደር ዲግሪ እሰጣለሁ ካለሽ ገንዘብሽን ይዘሽ ውጪ።

እግረ መንገዴን፦ ሲኤኤችኤምኢ የሚባለው የሙያው ዕውቅና በዋናነት ለማስተርስ ነው፤ ለባችለር ሰርቲፊኬሽን የሚሰጠው ኤዩፒኤችኤ የሚባለው የሙያው ፕሮግራሞች ማኅበር ነው። ስለዚህ ባችለር ፕሮግራምሽ የመጀመሪያው ባይኖረው እንደ ጉድለት አትቁጠሪው። ለማስተርስ ደረጃ ከሆነ ቤይለር፣ ሴንት ሉዊስና ዛቪየርን የመሳሰሉ በቤተ ክርስቲያን የተመሠረቱ ዩኒቨርሲቲዎች ያንን ዕውቅና ይዘው ያስተምራሉ።

ክርስቲያን መሆኑ የሚታይሽ በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ክሬዲት ላይ ነው። ባችለር በአብዛኛው 120 ክሬዲት ነው፤ ከዚህ ውስጥ ከ6 እስከ 18 የሚሆነው መጽሐፍ ቅዱስና ሥነ መለኮት ሊሆን ይችላል። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ 60 ክሬዲት ይዘሽ ብትገቢ እንኳ እነዚህ በዝውውር አይሸፈኑልሽም፤ «ሁለት ዓመት ይቀረኛል» ብለሽ ያሰብሽው ሁለት ዓመት ተኩል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው የስነ ምግባር ቃል ኪዳኑና ቻፕሉ (የጋራ የአምልኮ ፕሮግራሙ) ነው። ኦንላይን ተማሪ ብዙ ጊዜ ቻፕል አይገደድም፤ ካምፓስ ያለ ግን በሴሚስተር የተወሰነ ቁጥር መሙላት አለበት፤ ያልሞላ መቀጮ ወይም ማስጠንቀቂያ ይጠብቀዋል። የሌሊት ፈረቃ የምትሠሪ ከሆነ የቻፕሉን ሰዓት ከመመዝገብሽ በፊት ጠይቂ። የእምነት መግለጫ የሚያስፈርመው መምህራንን ብቻ ነው ወይስ ተማሪንም? ይህ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል። የፓስተር ድጋፍ ደብዳቤ የሚጠይቅ ቦታ ደግሞ አለ፤ ኦርቶዶክስ ከሆንሽ የነፍስ አባትሽ ወይም የደብሩ አስተዳዳሪ ደብዳቤ ይበቃ እንደሆነ አድሚሽን ቢሮውን ጠይቂ፤ ሳይጠይቁ «ለእኛ አይሆንም» ብለው የሚተዉት ብዙ ናቸው።

ሦስተኛው የሥነ ምግባር ኮርሱ ነው፤ በእኔ ግምት እነዚህ ኮሌጆች የሚበልጡበት እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሆስፒታል የቤተ ክርስቲያን መሠረት አለው፦ አድቬንትሄልዝ፣ አሴንሽን፣ ኮመንስፒሪት። የካቶሊክ ሆስፒታሎች የጳጳሳቱ ጉባኤ ባወጣው መመሪያ ይመራሉ፤ አንድ ሌላ ሆስፒታል ከእነሱ ጋር ሲዋሃድ የትኛው አገልግሎት ይቀጥላል፣ የትኛው ይቆማል የሚለው ውል ውስጥ የሚገባ ጉዳይ ነው። ይህን የተማረ ሰው ስብሰባ ላይ ግራ አይጋባም። ግን ኮርሱ ጸሎትና መልካም ሐሳብ ብቻ ሆኖ የ1986ቱን የድንገተኛ ሕክምና ሕግ፣ የ1996ቱን ሂፓ (የታካሚ መረጃ ምስጢር ሕግ)፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆስፒታል በየሦስት ዓመቱ ማካሄድ ያለበትን የማኅበረሰብ ጤና ፍላጎት ጥናት ካላነሳ ደካማ ነው። የኮርሱን ሲላበስ ቀድመሽ አስልኪ።

ተማሪ የሚወድቀው ግን በሥነ መለኮት አይደለም፤ በሂሳብ አያያዝ፣ በስታቲስቲክስና በሄልዝኬር ፋይናንስ ነው። የሚጠየቀው የዚህ ዓይነት ነገር ነው፦ አንድ ክሊኒክ በወር ቋሚ ወጪው 40,000 ዶላር ነው፤ ከአንድ ጉብኝት በአማካይ 110 ዶላር ያገኛል፤ ለአንድ ጉብኝት የሚያወጣው ተለዋዋጭ ወጪ 30 ዶላር ነው። ከአንድ ጉብኝት 80 ዶላር ይተርፈዋል ማለት ነው፤ ስለዚህ እንዳይከስር 500 ጉብኝት ያስፈልገዋል። ቀጥሎ መምህሩ «ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ያላቸው ታካሚዎች በዝተው አማካይ ክፍያው ወደ 94 ዶላር ቢወርድስ?» ይላል፤ 64 ዶላር ብቻ ስለሚተርፍ 625 ጉብኝት ይሆናል። 16 ዶላር ቀንሶ ሥራው በሩብ ጨመረ። ሙያው ይህ ነው። ኤክሰል ላይ ፒቮት ቴብል (መረጃን ጠቅልሎ የሚያሳይ ሠንጠረዥ) መሥራትን ከመግባትሽ በፊት ልመጂ።

ወደ ፕራክቲከሙ። ባለ 3 ክሬዲት ፕራክቲከም ብዙ ጊዜ ከ120 እስከ 150 ሰዓት ነው፤ 150 ሰዓት በሳምንት 10 ሰዓት ቢሠራ 15 ሳምንት፣ ማለትም ሙሉ ሴሚስተር ይበላል። ኮሌጁን የምትጠይቂው አንድ ወሳኝ ጥያቄ «ቦታውን የሚያገኝልኝ ማነው?» የሚል ነው። «ተማሪው ራሱ ይፈልጋል» ካሉሽ፣ ከየትኞቹ ሆስፒታሎች ጋር የተፈረመ ስምምነት እንዳላቸው ዝርዝር ጠይቂ። ስምምነቱ በሁለቱም ወገን የሕግ ክፍል ስለሚያልፍ ወራት ይፈጃል፤ ሴሚስተሩ ሊጀመር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቦታ መፈለግ የጀመረ ተማሪ ምረቃው ይዘገያል። በዚያ ላይ የቲቢ ምርመራ፣ የክትባት መረጃ፣ የወንጀል ነጻ ማጣሪያ፣ የመድኃኒት ምርመራ ይጠየቃል። ሲኤንኤ ስለሆንሽ አብዛኛው ወረቀት በእጅሽ ነው፤ ቀኑ እንዳያልፍበት ብቻ ተጠንቀቂ።

የምትሠሪበት ነርሲንግ ሆም ውስጥ ልሥራው ማለት ትችያለሽ፤ ብዙ ኮሌጆች ይፈቅዳሉ። ነገር ግን የሰዓቱ ሥራ ከተለመደው ሥራሽ የተለየ መሆን አለበት፤ ታካሚ ማጠብና ማንሳት አይቆጠርልሽም። ከአድሚኒስትሬተሩ ጋር ተነጋግረሽ አንድ ፕሮጀክት ያዢ፦ የመውደቅ አደጋ መዝገብን በፈረቃ ከፋፍሎ ማጥናት፣ የሠራተኛ መልቀቅ ምክንያትን መመዝገብ፣ የስቴት ኢንስፔክሽን ግኝቶችን ማስተካከያ ዕቅድ መከታተል። ተቆጣጣሪሽ የዲፓርትመንት ኃላፊ ይሁን እንጂ የፈረቃሽ ነርስ አይሁን፤ ነርሷን የማይቀበል ኮሌጅ አለና።

ይህን ያልኩት በምክንያት ነው። የሆስፒታል አስተዳዳሪ ላይሰንስ አያስፈልገውም፤ የነርሲንግ ሆም አድሚኒስትሬተር ግን በሁሉም ስቴት ላይሰንስ ግዴታው ነው። ናብ የሚባለውን የላይሰንስ ፈተና ማለፍና እንደ ስቴቱ ሕግ የሠልጣኝነት ሰዓት መሙላት ይጠበቃል፤ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ 1,000 ሰዓት ትጠይቃለች። ሥራውን ከታች ጀምሮ የምታውቂ አንቺ ከማናቸውም አዲስ ምሩቅ ይልቅ ለዚህ ትቀርቢያለሽ። የስቴትሽን ቦርድ ድረ ገጽ ከፍተሽ የትኞቹን ኮርሶች እንደሚፈልግ ከኮሌጁ የኮርስ ዝርዝር ጎን አስቀምጪና አስተያዪ። አንድ ነገር ግን አይምታታብሽ፦ ይህ ዲግሪ አርኤችአይኤ ለሚባለው የሕክምና መረጃ ፈተና አያበቃሽም፤ ለዚያ ካሂም ከሚባለው ተቋም ዕውቅና ያለው ሌላ ፕሮግራም ነው የሚያስፈልገው።

ስለ ደመወዝ የሚወራውን በጥንቃቄ ስሚ። የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በግንቦት 2023 የጤና አገልግሎት ማናጀሮች መካከለኛ ደመወዝ 110,680 ዶላር ነው ብሏል። ይህ የማናጀሮች ነው፤ አዲስ ተመራቂ የሚገባው በቢሊንግ፣ በስኬጁሊንግ፣ በክሊኒክ አስተባባሪነት ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ ግሪን ካርድ ስላለሽ ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ሙዪ። ፔል ግራንት (የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ) በ2024–25 ትልቁ 7,395 ዶላር ነበር፤ ለመጀመሪያ ባችለር ብቻ ነው፣ በዕድሜ ልክ ከ12 ሴሚስተር አያልፍም። ነገር ግን እንደ ግሮቭ ሲቲና ሂልስዴል ያሉ የፌዴራል ገንዘብ የማይቀበሉ ኮሌጆች ስላሉ መጀመሪያ ኮሌጁ ፋፍሳ ይቀበል እንደሆነ አረጋግጪ። አሠሪሽ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ የትምህርት ክፍያ ቢሸፍንልሽ ታክስ አይነካውም፤ ነርሲንግ ሆምሽ ይህ ጥቅም እንዳለው ኤችአር ጠይቂ፣ ከተመረቅሽ በኋላ ስንት ዓመት እንድትቆዪ እንደሚያስገድድም አንብቢ። የአገር ቤት ትራንስክሪፕት ካለሽ በየኮርሱ ዝርዝር እንዲመዘን አድርጊ፤ አጠቃላይ ግምገማ ርካሽ ቢሆንም ክሬዲት አያስገኝልሽም።

በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ላይ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ፦ ከሙሉ ጊዜው ክሬዲት ውስጥ በሴሚስተር የሚቆጠርላችሁ ኦንላይን ኮርስ አንድ ብቻ ነው፤ ፕራክቲከሙ ከካምፓስ ውጭ ከሆነም ከመጀመራችሁ በፊት በኮሌጁ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሲፒቲ (የትምህርቱ አካል ለሆነ ሥራ የሚሰጥ ፈቃድ) አስፈቅዱ።

እህቴ፣ የኮሌጁን ስምና ስቴትሽን እዚህ ጻፊልን፤ አክሬዲቴሽኑንና የስቴቱን የሰዓት መስፈርት አብረን እናየዋለን።