ጎንደር ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ የቪትስሽን የራዲያተር ክዳን እዪው

ሰሞኑን አንዲት እህት ከአዘዞ ጻፈችልኝ፣ አስተማሪ ናት፣ የ2001 ሞዴል ቶዮታ ቪትስ አላት፣ ባለ 1000 ሲሲዋ። ጥያቄዋን አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ጋሼ፣ መኪናዬ ሜዳ ላይ ምንም አትል፣ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስወጣ ግን አንዳንዴ ቀዩ የሙቀት መብራት ይበራል። ባለፈው እናቴን ልጠይቅ ደባርቅ ስሄድ አምባ ጊዮርጊስ ሳልደርስ ዳገቱ ላይ ፈላችብኝ፣ ከነልጆቼ መንገድ ላይ ቀረን። አንዱ መካኒክ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው፣ ሁለት ሳምንት ደህና ሆና እንደገና ጀመራት። ሌላው ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ቴስታታው ይከፈት አለኝ፣ የጠየቀኝ ብር የሁለት ወር ደሞዜ ነው። ላስከፍታት ወይስ ሽጫት ልገላገል?»

የኔ እህት መጀመሪያ እንኳን ከነልጆችሽ በሰላም ገባሽ። ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ጓርኒሲዮኑ ከስሩ ያለው ማሸጊያ ነው) አታስከፍቺ። ማለቴ አሁን አታስከፍቺ፣ ከዚህ በታች የምነግርሽን ሁሉ ካየሽ በኋላ የሚከፈት ከሆነ ይከፈታል። «ሞቀች» ተብላ ስትመጣ ቀጥታ ቴስታታ የተከፈተባት፣ ተዘግታም ስታበቃ መልሳ የሞቀች ስንት ቪትስ እኔ ጋ መጥታለች፣ ኮፈኑን ከፍቼ የራዲያተሩን ክዳን ሳየው ላስቲኩ እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጣጥቋል። ያ ሁሉ ብር የወጣው በሱ ክዳን ምክንያት ነው፣ እውነት ያንገበግበኛል።

ለምን ክዳን ክዳን እንደምል ልንገርሽ፣ አንቺ አስተማሪ ስለሆንሽ ቶሎ ይገባሻል። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብለን ነው የተማርነው አይደል፣ እሱ ግን ባህር ዳርቻ ላይ ነው፣ ምጽዋ ምናምን። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር ስለምታልፍ እዛ 90 እና 91 ላይ ይፈላል፣ ለዛ ነው እናትሽ ንፍሮ ስትቀቅል ከመተማ ሰው ይልቅ ብዙ እንጨት የሚፈጅባት። አሁን የሞተሩን ነገር አስቢው። ቴርሞስታቱ፣ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው በር ማለት ነው፣ ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ላይ መከፈት ይጀምራል፣ ፋኑ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) የሚነሳው ደግሞ ውሃው ከ90 ትንሽ አለፍ ሲል ነው። ስለዚህ ክዳኑ ግፊት የማይዝ ከሆነ ጎንደር ላይ ፋኑ ገና ሊነሳ ሲል ውሃው መፍላት ጀምሯል ማለት ነው፣ ደባርቅ መንገድ ላይማ ፋኑ ሳይነሳም ይፈላል። ክዳኑ ደህና ከሆነ ግን ውስጡ ግፊት ስለሚይዝ ያው ውሃ እዚሁ ጎንደር 115 ዲግሪ ገደማ ድረስ አይፈላም። በ93 እና በ115 መካከል ያለው ሃያ ምናምን ዲግሪ ነው ዳገት ላይ የሚያተርፍሽ፣ እሱን የያዘልሽ ደግሞ ያ የእጅ መዳፍ የማይሞላ ቆርቆሮ ነው።

ስለዚህ ጠዋት ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ፍቺው (ሙቅ ሞተር ላይ በፍጹም እንዳትነኪው፣ ፊቱ የተቃጠለ ልጅ አውቃለሁ) ገልብጠሽ እዪው። ትልቁን የላስቲክ ቀለበት በጥፍርሽ ጫን አድርጊው፣ ለስለስ ብሎ መመለስ አለበት፣ ከደረቀ ወይ የራዲያተሩ አፍ ቅርጽ በጥልቁ ከታተመበት አልቋል። መሀል ላይ ደሞ ትንሽ ሳንቲም የምታህል ነገር አለች፣ በሁለት ጥፍር ሳብ ስታደርጊያት ተከፍታ ስትለቂያት ጥብቅ ብላ መዘጋት አለባት። እሷ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ትርፉን ውሃ ከሚይዘው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ መልሳ የምታስገባ ናት፣ ከተጣበቀች ጠዋት ላይ የላይኛው የራዲያተር ጎማ እንደተጨመቀ ሃይላንድ ጠፍጥፎ ታገኚዋለሽ። ጠፍጥፎ ካየሽ ሌላ ምርመራ አያስፈልግሽም፣ ክዳኑን ቀይሪ። ስትገዢ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር እዪ፣ 0.9 ወይ 1.1 የሚል ነው የሚኖረው፣ የነበረውን አይነት ግዢ፣ የሚበልጠው ይሻላል ብለሽ እንዳትጨምሪ ያረጀ ራዲያተር የፕላስቲክ ጫፉ ይሰነጠቃል። ገበያ ላይ ስፕሪንጉ ልፍስፍስ ያለ ርካሽ አለ፣ በአውራ ጣትሽ ተጭነሽ በቀላሉ ከገባ ተዪው፣ ከቻልሽ ሰው ላኪና አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ደህናውን ያምጣልሽ።

ሁለተኛ ፋኑ። ሞተሩን አስነስተሽ ቆመሽ ጠብቂ፣ አስር አስራ አምስት ደቂቃ ይፈጅ ይሆናል፣ ፋኑ ራሱ ተነስቶ ራሱ መጥፋት አለበት። ኤሲ ካላትና የሚሰራ ከሆነ ኤሲውን ስትከፍቺም መነሳት አለበት። ካልተነሳ ፊውዙን እዪ፣ ቀጥሎ ሪሌውን (ፋኑን የሚያበራውን ማብሪያ) ያው አይነት ከሆነ ከጎኑ ካለው ጋር ቀያይረሽ ሞክሪ። ፋኑን በዱላ ነካ ሲያደርጉት የሚነሳ ከሆነ የሞተሩ ካርቦን አልቋል፣ ዳገት ላይ ጉድ የሚሰራሽ እሱ ነው፣ አንዳንዴ ይሰራል አንዳንዴ አይሰራም።

ደሞ ፋኑ ስለተነሳ ብቻ አትርኪ። አንድ ሰው ሶስት ወር ሙሉ ሲሞቅበት ከርሞ መጣ፣ ራዲያተር ቀይሯል የውሃ ፖምፓ ቀይሯል፣ ፋኑም ቦግ ብሎ ይሰራል። ከደብተር አንድ ወረቀት ቀደድኩና ከፊት በግሪሉ በኩል አስጠጋሁት፣ ወረቀቱ ወደኔ ተወረወረ። የሆነ ቦታ ሽቦውን ሲቀጥሉለት ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን አገላብጠውታል፣ ፋኑ አየር ወደ ውስጥ በመሳብ ፈንታ ወደ ውጪ ይገፋል፣ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ከፊት የሚመጣው ነፋስና የፋኑ ነፋስ እየተጋጩ ራዲያተሩ መሀል ላይ አየሩ ቆሞ ነው የሚቀረው። ሁለት ሽቦ አቀያይሬ ሸኘሁት። አንቺም ፋኑ ሲነሳ ወረቀት ከፊት አስጠጊ፣ ራዲያተሩ ላይ ጥብቅ ብሎ መለጠፍ አለበት። ፋኑን በቀጥታ ከባትሪ ስበው ጋቢና ውስጥ በማብሪያ ማጥፊያ ላድርግልሽ የሚሉሽ ካሉ እሺ አትበያቸው፣ ማብራቱን አንድ ቀን ከረሳሽው የምትከፍይው በሞተር ነው።

ራዲያተሩን ከፊት ብቻ አይተሽ ንጹህ ነው አትበይ። ኤሲ ካላት ከፊት የሚታይሽ የኤሲው ነው፣ የውሃው ከኋላው ነው ያለው፣ በሁለቱ መሀል አቧራና እብቅ ገብቶ እንደ ጭቃ ይለጠፋል፣ በተለይ በመኸር ወቅት ቆላ ድባ ደንቢያ በኩል የሚመላለስ መኪና ላይ ጭዱን በእጄ ነው የማወጣው። ላቫጆ ስትወስጃት ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ቀስ ባለ ውሃ እንዲያጥቡት ንገሪያቸው፣ በሃይለኛው ፕሬዠር ቀርቦ ከተረጨ ቀጫጭኖቹ ክንፎች ይታጠፉና ከበፊቱ ይብስበታል።

አሁን ወደ ቴርሞስታቱ። ያወጣልሽ ሰውዬ በክፋት አይመስለኝም፣ ብዙ ጋራዥ ውስጥ የተለመደ ነገር ነው፣ ግን ስህተት ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ሜዳ ላይና ጠዋት ላይ እንደሚገባው አይሞቅም፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፣ ቤንዚን እንደዚህ በሰልፍ በሚገኝበት ጊዜ ማለት ነው፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። ሁለት ሳምንት ደህና የሆነችውም ችግሩ ተፈትቶ ሳይሆን ቀዝቅዛ ስለጀመረች መፍላቱ ትንሽ ስለዘገየ ነው፣ ዳገቱ ሲረዝም ያው ደረሰች። አንዳንድ ሞተር ላይማ ጭራሽ ይብሳል፣ ምክንያቱም ቴርሞስታቱ ሲከፈት ሌላ አጭር መንገድ ይዘጋል፣ እሱ ከሌለ ግማሹ ሙቅ ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ስለዚህ አዲስ አስገቢ። ከመታሰሩ በፊት ቤት ውስጥ ሞክሪው፣ በክር አስረሽ ድስት ውስጥ ውሃ ላይ አንጠልጥዪው፣ የድስቱን ግርጌ እንዳይነካ፣ ውሃው መፍላት ከመጀመሩ በፊት መከፈት መጀመር አለበት። ሙሉ በሙሉ ካልተከፈተ ግን እንዳትጥዪው፣ ሙሉ ለመከፈት 95 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል የኛ ድስት ደግሞ 93 ላይ ይቆማል፣ ባንዴ ደንግጦ አዲሱን ቴርሞስታት ሻጩ ላይ የመለሰ ደንበኛ ነበረኝ። የትንሿ ቀዳዳ ጎን ወደ ላይ ሆኖ ይታሰር፣ አየር የምታስወጣ እሷ ናት።

ውሃው ራሱ። የጉድጓድ ውሃ አታስገቢ፣ ውስጡ ያለው ማዕድን ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምታዪውን ነጭ ቅርፊት ራዲያተሩ ውስጥ ይሰራል። ማደያ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ ግዢ፣ ግን አደራ የባትሪ አሲድ እንዳይሰጡሽ ጽሁፉን አንብቢ፣ ከዛ ግማሽ በግማሽ ከደህና ኩላንት ጋር። ኩላንት ዝገት ይከላከላል የመፍያውንም ሙቀት ጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። በጣትሽ ስትነኪው ሙልጭልጭ ካላለ ቀለም የገባበት ውሃ ነው የሸጡልሽ። ጣዕሙ ጣፋጭ ነው ግን መርዝ ነው፣ የተረፈውን በሃይላንድ አድርገሽ ልጆች ሊያገኙት የሚችሉበት ቦታ እንዳታስቀምጪ።

ሲሞላ አየሩ መውጣት አለበት፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። መኪናዋን አፍንጫዋ ወደ ላይ እንዲሆን ዳገት ላይ አቁሚያት፣ ጎንደር ዳገት አይጠፋም መቼም፣ የእጅ ፍሬን ያዢ ጎማው ስር ድንጋይ አስገቢ፣ የጋቢናውን ማሞቂያ ሙሉ ሙቅ ላይ አድርጊ፣ ክዳኑን ሳትዘጊ ሞተሩን አስነሺ፣ ውሃው ሲወርድ እየጨመርሽ አረፋ መውጣቱ እስኪያቆም ጠብቂ። ክዳኑ ክፍት እያለ እዚህ ሀገር ቶሎ ስለሚፈላ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ የላይኛው ጎማ እንደሞቀ ዝጊው፣ ክዳኑ እንደተዘጋ ፋኑ እስኪነሳ ጠብቂ። በነጋታው ቀዝቅዞ ሳለ መልሰሽ እዪ፣ ትንሽ ጎድሎ ታገኚዋለሽ፣ ሙዪው።

ይሄን ሁሉ አድርገሽ አሁንም ከሞቀች ያኔ ጓርኒሲዮኑን እንጠረጥራለን፣ እሱም ሳይከፈት ይታወቃል። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር አስነስተሽ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ጎማ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ የጭስ ግፊት ውሃው ውስጥ እየገባ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ አረፋው ሳያቋርጥ እየተንቦጨቦጨ ከቀጠለም እንደዛው ነው። አራቱን ካንዴላ አስፈቺ፣ ሶስቱ ቡኒ ሆነው አንዱ የታጠበ መስሎ ከነጣ እዛ ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ይገባል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካየሽ አታስነሺያት፣ ነገር ግን የዘይት መሙያው ክዳን ስር ብቻ ትንሽ ነጭ ነገር ቢኖር አትደንግጪ፣ አጭር መንገድ የምትሄድ መኪና ላይ በብርድ ጊዜ ይኖራል። ጠዋት ከጭስ ማውጫ የሚወጣውም ነጭ እንፋሎት ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ የብርድ ነው።

የግድ መከፈት ካለበት ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ሲፈላ ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮን ቀይሮ መዝጋት ብቻ ዋጋ የለውም። ቀጥ ያለ ብረት አስቀምጠው በስስ መለኪያ ይለኩልሽ፣ ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ከሄደ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጥ። ቶርክ ሜትር (ብሎን በልኩ የሚያጠብቅ ቁልፍ) አላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ በእጅ ግምት የሚያስር ከሆነ መኪናሽን ይዘሽ ውጪ። ይሄ ሞተር ባለ ሰንሰለት ነው፣ የሰንሰለቱ ምልክት ሳይገጥም የዘጋው ሰው ቫልቭ ያጣምምብሻል።

መንገድ ላይ ቀዩ ከበራብሽ ደግሞ ኤሲውን አጥፊ፣ መስኮት ክፈቺ፣ ማሞቂያውን ሙሉ ሙቅና ሙሉ ነፋስ አድርጊው፣ ላብ በላብ ትሆኛለሽ ግን እሱ ራሱ ትንሽ ራዲያተር ነው። ጥግ ያዢ። እንፋሎት ከሌለ ፋኑ እየሰራ ሞተሩን አታጥፊው ሁለት ሶስት ደቂቃ ጠብቂ፣ መብራቱ ካልጠፋ ወይ እንፋሎት ካለ ግን ወዲያው አጥፊው። ቢያንስ አርባ ደቂቃ ክዳኑን እንዳትነኪ፣ ሞተሩ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚደፋ ሰው ከመጣም ከልክዪው፣ ቴስታታው የሚሰነጠቀው ያኔ ነው። ዳገቱን ስትወጪም ማርሽ ቀድመሽ ቀንሺ፣ በሶስተኛ እያቃሰተች ከምትጎተት በሁለተኛ ፈጠን ብላ ትዙር፣ ፖምፓው የሚዞረው በሞተሩ ቺንጊያ ነው፣ ሞተሩ ሲፈጥን ውሃውም ይፈጥናል።

ልሽጣት ወይ ላልሽው፣ እኔ አልሸጥም ነበር። መለዋወጫዋ ሞልቷል፣ ቤንዚን አትጠጣም፣ የሰንሰለት ሞተር ስለሆነች በየጊዜው የታይሚንግ ቺንጊያ ቀይሩ የሚል ጣጣ የለባትም። ደሞ ሳትሰሪያት ብትሸጫት ወይ በርካሽ ትሄዳለች ወይ ደብቀሽ ለሌላ ሰው ልጆች ትሰጫለሽ፣ አንቺ ደግሞ መንገድ ላይ የቀረሽበትን ቀን ታውቂዋለሽ።

እና ቅዳሜ ጠዋት ሳታስነሺያት ክዳኑን ፍቺና ላስቲኩንም ቁጥሩንም ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ የላይኛውም ጎማ ጠፍጥፎ ከሆነ እሱንም ጨምሪበት።