ጓዳና ገበያ፦ ቲማቲሙ ሲበላሽ ወጡ ምን ይሁን?

ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሜዳውን ሲሸፍነው ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ደብዳቤዎችም ጠባያቸውን ይለውጣሉ። በሐምሌና በነሐሴ ስለ ዋጋ ሲያማርሩ የቆዩት አንባብያን መስከረም ሲጠባ ስለ እሸት፣ ስለ መስቀል ክትፎና እንግዳ ስለሚጋበዝበት ምግብ ቤት መጠየቅ ይጀምራሉ። በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል። የመጀመሪያው መልስ የረዘመው ስለ ጉዳዩ የጻፉልን ብዙዎች በመሆናቸው ነው።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ በየሳምንቱ በሰፈራችን ወደሚቆመው የእሁድ ገበያ እሄዳለሁ። ዋጋው ከሱቅ ስለሚሻል አምስት ኪሎ ቲማቲምና አምስት ኪሎ ሽንኩርት በአንድ ጊዜ እገዛለሁ። ነገር ግን ቲማቲሙ ረቡዕ ሳይደርስ ግማሹ ይበሰብሳል፤ ሽንኩርቱም ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ውስጡ ይጠቁራል። በዋጋው ያተረፍሁትን መልሼ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ እየደፋሁት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የሻጮቹ? (አንዲት የቤት እመቤት፣ ከላፍቶ)

መልስ፦ ጥፋቱ ከእርስዎም ከሻጮቹም ይልቅ የወሩ ነው። ወደ አዲስ አበባ ከሚገባው ቲማቲም ብዙው የሚመጣው ከስምጥ ሸለቆው የመስኖ እርሻዎች፣ ማለትም ከመቂ፣ ዝዋይ ትባል ከነበረችው ከባቱና ከቆቃ አካባቢ ሲሆን፣ እነዚህ እርሻዎች የሚያምርባቸው ሰማዩ ደርቆ ውኃው በቦይ ተመጥኖ በሚሰጥበት በበጋ ነው። ዝናብ ሲበዛ ግን በእርጥበት የሚዛመት በሽታ ቅጠሉንም ፍሬውንም ይመታዋል፤ ገበሬው የተረፈውን ሳይበላሽበት ለመሸጥ ይቸኩላል፤ በእንጨት ሣጥን ተደራርቦ ከተጫነውም የታችኛው እየተጨፈለቀ ይመጣል። ስለዚህ እሁድ ጠዋት ከውጭ ቀይና ጤነኛ መስሎ የሚያነሡት ቲማቲም ሕመሙን ይዞ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ምንም ያህል ቢጠነቀቁለት ሳምንት አይቆይም።

በመስከረም ከአንድ ኪሎ በላይ ባይገዙ እመክራለሁ። ሲመርጡም ሁሉንም ቀይ አያድርጉት፤ ግማሹ ገና አረንጓዴነቱን ያልለቀቀና ሲጨብጡት የሚጠነክር ቢሆን ይሻላል። ቤት እንደገቡ ከፌስታል አውጥተው ሰፌድ ላይ፣ ከግንዱ ጋር ተያይዞ የነበረበትን ወገን ወደ ታች አድርገው፣ ሳይደራርቡ ይዘርጉት፤ እስኪቀላም ማቀዝቀዣ ውስጥ አያስገቡት። አስቀድሞ ማጠብም አይገባም፤ ውኃው የሚጠቅመው ለፍሬው ሳይሆን ለብስባሹ ነው። የተሰነጠቀውን በዚያው ዕለት በዘይትና በሽንኩርት አብስለው ስልስ ቢያደርጉት ምንም አይጣልም።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ላንሣ። ዛሬ በብዙ ቤት ቲማቲም የማይገባበት ድስት የለም፤ ሆኖም የዶሮ ወጥም ሆነ የምስር ወጥ በጥንቱ አሠራር ቲማቲም አይሻም። ወጡን የሚያወፍረው በደንብ የተቁላላው ሽንኩርት ነው። በመሆኑም ቲማቲሙ በሚበላሽባቸው ወራት ያለ ቲማቲም የሚሠራውን ወጥ መሥራት፣ በታኅሣሥና በጥር ዋጋው ሲወርድ ደግሞ አሥር ኪሎ ገዝቶ ስልሱን በትንንሽ ዕቃ ከፋፍሎ ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ማስቀመጥ ይቻላል። እኔ ራሴ ለዓመታት ወጡን አስቀድሜ ወስኜ፣ ዝርዝር በወረቀት ይዤ ገበያ እወጣ ነበር፤ አሁን ግን ዘንቢሉን ብቻ ይዤ እወጣና የወሩን ምርት አይቼ ወጡን መንገድ ላይ አስባለሁ።

ሽንኩርቱን በተመለከተ አንገቱን ይዩ። ከማሳ ተነቅሎ በጥላ ሥር በቂ ቀን የደረቀ ሽንኩርት አንገቱ ቀጭንና ደረቅ ነው፤ ሲነኩትም ልጣጩ ይንኮሻኮሻል። አንገቱ ወፍሮ ጣት ሲጫነው የሚለሰልስ ከሆነ ገና እርጥብ ነው ማለት ነው፤ ብስባሹም የሚጀምረው ከዚያው ነው። እንዲህ ያለው ለዛሬ ወጥ እንጂ ለቀለብ አይሆንም። ለዶሮ ወጥ ከሆነ ዋጋው ቢወደድም፣ መላጡም ዓይን ቢያስለቅስም፣ ትንንሹ የአበሻ ሽንኩርት ይመረጣል፤ ውኃው አነስተኛ ስለሆነ ቁሌቱ ቶሎ ይይዛል። ሽንኩርትና ድንች በአንድ ዘንቢል አይቀመጡ። ድንቹንም ብርሃን እንዳያየው ይሸፍኑት፤ አረንጓዴ የሆነው ክፍል የሚመርና ሆድ የሚያውክ ሶላኒን የሚባል መርዝ ስላለበት ጠለቅ አድርጎ ቆርጦ መጣል ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ብቻዬን የምኖር ወጣት ነኝ። በሰፈሬ የባቄላና የአተር እሸት በየመንገዱ ዳር መታየት ጀምሯል። ከመቀቀል ሌላ ምን ላድርገው? ስገዛው የሚጣፍጠው አተርስ በማግስቱ ለምን ዱቄት ዱቄት ይለኛል? (ከኮልፌ)

መልስ፦ ከሁለተኛው ልነሣ። የአተር እሸት ጣፋጭነቱ ከስኳሩ ነው፤ ከተለቀመ በኋላ ግን ስኳሩ በየሰዓቱ ወደ ስታርች እየተለወጠ ይሄዳል። የበቆሎ እሸትም እንዲሁ ነው፤ ከማሳ ወጥቶ ወዲያው ፍም ላይ የወጣው በቆሎ ከትናንቱ የሚለይበት ምክንያት ይኸው ነው። በመሆኑም የተፈለፈለውን ትተው ከነቅርፊቱ ያለውን፣ ቅርፊቱም ሲሰብሩት ቀጭ የሚለውን ይግዙና በዚያው ቀን ይብሉት።

ከመቀቀል ሌላ የአተር እሸት አልጫ ለብቸኛ ሰው እጅግ የሚመች ወጥ ነው። አንድ ራስ ሽንኩርት በዘይት ሳይቀላ አለስልሰው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይጨምሩበት፤ በሻይ ማንኪያ ጫፍ እርድ አድርገው የተፈለፈለውን አተር ከጥቂት ውኃ ጋር ያስገቡ፤ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ሊወጣ ሲል ቃሪያ ሰንጥቀው ጣል ያድርጉበት። የባቄላው እሸት ጠና ያለ ከሆነ የውስጡን ቆዳ ጭምር መላጥ ይጠይቃል፤ ሥራው አሰልቺ ነውና እኔ ከጨው ጋር ቀቅዬ ከነቅርፊቱ መብላቱን እመርጣለሁ። የሽምብራ እሸት ለሚጠብቁ ጊዜው ገና ነው፤ ሽምብራ ዝናቡ ሊያባራ ሲል በመረሬ አፈር ላይ ተዘርቶ በተረፈው እርጥበት የሚያድግ በመሆኑ፣ በቢሾፍቱ መንገድ ዳር በእቅፍ በእቅፍ ታስሮ የሚታየው የገና በዓል ሲቃረብ ነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት በመስቀል ሰሞን ከደብረ ብርሃን የመጡትን አማቶቼን ስመ ጥር ወደሆነ ምግብ ቤት ወስጄ ክትፎ ጋበዝኋቸው። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ በዚያ ቀን የሄድሁበት ምክንያትም ሰው ስለማይበዛ በሚል ነበር። ቅቤው የሻገተ ሽታ ነበረው፤ አባት በይሉኝታ ሁለት ጊዜ ጎርሰው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ እናት ጾመኛ ስለሆኑ ከሰላጣ በቀር የቀረበላቸው አልነበረም። ዘንድሮ እንዳላፍር ምን ዓይነት ቤት ልምረጥ? (ከቦሌ)

መልስ፦ ቤቱን ከመምረጥዎ በፊት ቀኑን ይምረጡ። ረቡዕና ዓርብ ጾም በመሆኑ በእነዚህ ቀናት የሥጋው ንግድ ይቀዘቅዛል፤ ሥጋውም ቅቤውም የሚቆየው እንግዳ ሲጠፋ ነው። በአንጻሩ የጾም በያይነቱ በእነዚሁ ቀናት ከድስት ወደ ትሪ ሳያርፍ ይወጣል። ሰው ስለማይበዛ የሄዱበት ምክንያት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ላለመሄድ በቂ ምክንያት ነበር። ምግብ ቤት ውስጥ ወረፋ የትኩስነት ምልክት ነው፤ ክትፎውን ቅዳሜ ወይም እሁድ ምሳ ሰዓት፣ በያይነቱን ዓርብ ቢያደርጉት ሁለቱም አማቶችዎ በየቀናቸው ይደሰታሉ።

ወደ ቤቱ ምርጫ ስንመጣ፣ የምግብ ዝርዝሩ አጭር የሆነው ቤት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ክትፎም፣ ፒዛም፣ አሳም፣ በርገርም በአንድ ወረቀት የሚያቀርብ ቤት ሁሉንም ትኩስ አድርጎ ሊይዝ አይችልም። ክትፎ ቤት ክትፎውን፣ ሽሮ ቤት ሽሮውን ይወቅበት። ክትፎ ቤት ሲገቡ ቅቤው ለጋ ነው ወይስ በሳል ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ በሳል ቅቤ የራሱ ወዳጆች አሉት፣ የሻገተ ግን ወዳጅ የለውም። በሳሉ ከኮረሪማው ጋር ተስማምቶ ሲሸት፣ የሻገተው ኮረሪማውን ሸፍኖት ጉሮሮ ይከረክራል። አይቡንም ልብ ይበሉ፤ አይብ በአንድ ቀን የሚኮመጥጥ ስለሆነ ስለ ጓዳው የሚመሰክረው እርሱ ነው። ጣፋጭ አይብ፣ በደቃቁ የተከተፈ ጎመንና ያልደረቀ ቆጮ የሚያቀርብ ቤት ሥጋውንም ንቆ አያቀርብም።

አባት ለብለብ ከወደዱ እንደ ፈቃዳቸው ይሁን፤ ለብለብ ሥጋውን የሚያሞቀው እንጂ የሚያበስለው ስላልሆነ የኮሶ ትልን እንደማይገድል ግን ማወቅ ይገባል። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች በደንብ የበሰለውን ማዘዝ ይሻላል። ለእናት ደግሞ አስቀድመው ስልክ ደውለው የጾም ምን እንዳለ ይጠይቁ። አዚፋ አለ ከተባሉ ደስ ይበልዎት፤ ምስሩን ቀቅሎ፣ ሰናፍጩን አዘጋጅቶ፣ ሎሚውን አመጣጥኖ የሚያቀርብ ቤት ለጾመኛ ክብር አለው።

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ወር ለሥራ ሐዋሳ እሄዳለሁ። አሳውን የት ልብላ? (ከመገናኛ)

መልስ፦ ከሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ከሚባለው የአሳ ገበያ፤ እሱም በጠዋት። ጀልባዎቹ የሌሊቱን ይዘው የሚመለሱት ያን ጊዜ ነው። ዓይኑ የጠራውን፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነውን ቆሮሶ መርጠው እዚያው ያስጠብሱት፤ በዳጣ ይብሉት፤ ሾርባውንም አይለፉት። ጥሬውን የሚበሉ ያጋጥሙዎታል፤ እኔ ግን አልመክርም።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የገበሬዎች ገበያ ሲቆም ኮላርድ እየገዛሁ ጎመን እሠራለሁ፤ ነገር ግን በተለይ በሐምሌ ይመረኛል፣ ይጠነክርብኛልም። ልጆቼ «የአያታችን ጎመን እንዲህ አይደለም» ይሉኛል። የአበሻ ጎመን ዘር ላስመጣ ወይስ አሠራሬን ልለውጥ? (አንባቢያችሁ)

መልስ፦ ልጆችዎ እውነታቸውን ነው፤ ሁለቱ ተክሎች ዘመዳማቾች እንጂ አንድ አይደሉም። የአበሻው ጎመን፣ ፍሬውን ወቅጠን ምጣድ የምናስስበት ጎመን ዘር የሚገኝበት ወገን ነው፤ ኮላርድ ደግሞ የጥቅል ጎመን ወገን ሲሆን ጥቅል የማይሠራና ቅጠሉ ወፍራም ነው። ስለዚህ ለአበሻው ጎመን የሚበቃው ጊዜ ለኮላርድ አይበቃውም። ዘንጉን አውጥተው ቅጠሉን በቀጭኑ ይክተፉት፤ አስቀድመው በፈላ ውኃ ለጥቂት ደቂቃ ነክረው ውኃውን ይድፉት፤ ምሬቱ ከውኃው ጋር ይወጣል። ከዚያ በዘይት፣ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ክዳኑን ገጥመው፣ እሳቱን ቀንሰው፣ ከለመዱት ጊዜ እጥፍ ያህል ያቆዩት። ዝንጅብሉንና ቃሪያውን መጨረሻ ላይ ያድርጉ።

ዋናው ነገር ግን ወሩ ነው። በእናንተ አገር ሐምሌ ሙቀቱ የሚጠናበት ስለሆነ ኮላርድ ይመራል፤ ውርጭ ከመታው በኋላ ግን ቅጠሉ ስኳር ስለሚይዝ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ የሚያገኙት ሌላ ጎመን ይመስልዎታል። በሐምሌና በነሐሴ ታዲያ ጎመኑን ይተዉና ከዚያው ገበያ ቲማቲሙን ይግዙ፤ እኛ እዚህ የተሰነጠቀውን እየለቀምን ስናዝን ለእናንተ በዓመት ውስጥ የሚጣፍጥበት ወር ያ ነው። በትኩሱ ቲማቲም ፍትፍት ያድርጉላቸው፤ እንጀራው ሥስ፣ ቃሪያው ለጋ፣ ሎሚው በዛ ያለ ይሁን። ዘሩን ማስመጣት አያስፈልግዎትም፤ ዘር በሻንጣ ይዞ ጉምሩክ ላይ ከመከራከር እስከ ውርጩ ድረስ መታገሥ ይቀላል።